ባዶውን ቦታ ጭምር መሳል፦ በጣና ዳር ለሚቆም የሙዚቃ አዳራሽ የብረት ዝርዝርና የዲጂታል ሞዴል አሠራር

በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች በብዛት የሚያውቁት መጋዘን፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያና የገበያ ሼድ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ዝርዝሩ ቢጎድል ፎርማኑ እዚያው ቆርጦ፣ በይዶና ቀብቶ ያስተካክለዋል። የሙዚቃ አዳራሽ ግን እንዲህ ያለ ጥገና አይቀበልም። ጣሪያው የጎበጠ፣ ባልኮኒው ተንጠልጣይ፣ የአየር ቱቦው ሰው ቆሞ የሚሄድበት ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ሕንፃው ራሱ ዝም እንዲል ይጠበቅበታል። አንድ ብሎን መድረስ የሌለበት ቦታ ቢደርስ ሸክሙን ይሸከማል፣ የመሐንዲሱም ስሌት አይዛነፍም፤ ነገር ግን በውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ከዋሽንቱ ጋር እየተፎካከረ ይሰማል።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ አቋም አለኝ፦ ሞዴሉ ውስጥ መግባት ያለበት ብረቱ ብቻ አይደለም። በብረቶቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ስም፣ ውፍረትና ቀለም ተሰጥቶት እንደ ማንኛውም ቢም መሳል አለበት። መፍቻ የሚዞርበት፣ አየር የሚያልፍበት፣ ዚንክ የሚፈስበት፣ ድምፅ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነው፤ ካልተሳለ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ ይሞላዋል።

ለልምምድ እንዲመቸን በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የሚቆም፣ 1,200 መቀመጫ ያለው፣ ጣሪያው 30 በ40 ሜትር የሆነ አዳራሽ በሐሳብ እንያዝ። ፕሮግራሙ ቴክላ ስትራክቸርስ ይሁን አድቫንስ ስቲል፣ የሥራው ቅደም ተከተል አይለወጥም።

አንደኛ፦ ፕሮግራሙን ከመክፈት በፊት

ስትራክቸራል ሥዕሎቹን ብቻ ይዞ መጀመር የተለመደ ነው፤ አይበቃም። የአርክቴክቱን ሞዴል፣ የአኩስቲክ (የድምፅ) ባለሙያውን ሪፖርት፣ የአየርና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ንድፍ፣ የመድረክ መብራትና ማንጠልጠያ ነጥቦችን ዝርዝር፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ጠይቁ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መጋጠሚያዎቹን የሚያሰላው ማን ነው? ስትራክቸራል መሐንዲሱ ነው ወይስ የብረት አምራቹ? ይህ በጽሑፍ ሳይወሰን የተሳለ ብሎን ሁሉ ግምት ነው።

ቀጥሎ ደረጃው ይጣራ። በኢትዮጵያ የብረት መዋቅር የሚነደፈው ከዩሮኮድ (ከአውሮፓ የግንባታ ንድፍ ደንቦች) በተወሰደው ኢኤስ ኢኤን 1993 ነው። የዩሮኮድ መነሻ ሰነድ የሆነው ኢኤን 1990 ሕንፃዎችን ቢወድቁ በሚያደርሱት ጉዳት ሲመድብ፣ ለከፍተኛው ምድብ በምሳሌነት የሚጠቅሰው የኮንሰርት አዳራሽን ነው። ይህ ምድብ የብረት ሥራ አፈጻጸም ደንብ በሆነው በኢኤን 1090-2 መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን የአሠራር ደረጃ ያስከትላል። ለዲቴይለሩ (የብረቱን ዝርዝር ለሚስለው ሰው) ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው የብረት ምስክር ወረቀት እንደመጣ የሚከተል መለያ ያስፈልገዋል፣ የብየዳው ምርመራም ይጠብቃል። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥ ለምስክር ወረቀቱ ቁጥርና ለብየዳው ምርመራ የሚሆኑ ሳጥኖችን ገና ከመጀመሪያው ክፈቱ። በኋላ በሺህ በሚቆጠሩ ቁራጮች ላይ መጨመር አሰልቺ ከመሆኑም በላይ ለስህተት ይዳርጋል።

ጥያቄዎቻችሁን የሚይዝ አንድ መዝገብ፣ መዝገቡን የሚይዝ ደግሞ አንድ ሰው ይኑር። በስልክ የተሰጠ መልስ በዚያው ዕለት በጽሑፍ ካልተረጋገጠ እንዳልተሰጠ ይቆጠር።

ሁለተኛ፦ ዜሮ ነጥቡን መትከል

ቀያሹ የሚያመጣው የቦታ ነጥብ (ኮኦርዲኔት) በዩቲኤም፣ ማለትም ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት፣ በዞን 37 የተለካ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 1,280 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ ይህ ቁጥር ወደ ሚሊ ሜትር ሲቀየር ከቢሊዮን ያልፋል። ምስልን በ32 ቢት ቁጥር የሚያሳዩ ፕሮግራሞች በዚህ ርቀት ላይ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሰውን መለየት ያቅታቸዋል፤ ብሎኖች ከቀዳዳቸው ወጥተው ይታያሉ፣ መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሕንፃው አንድ ማዕዘን ላይ የራሳችሁን ዜሮ ነጥብ ትከሉ፣ ሁሉም የግሪድ መስመሮች በአወንታዊው በኩል እንዲውሉ አድርጉ፣ ከቀያሹ ነጥብ ጋር የሚያገናኘውን ርቀትና የመዞር ማዕዘን በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ለአርክቴክቱም፣ ለአየር መሐንዲሱም፣ ለአርማታ ሠራተኛውም በአንድ ቀን ላኩ።

እዚህ ላይ ቀያሹን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ነጥቡ የተለካው በአዲንዳን (በቆየው የቅየሳ ማመሳከሪያ) ነው ወይስ በጂፒኤስ በሚሠራበት በደብሊውጂኤስ 84? በሁለቱ መካከል በአገራችን 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ልዩነቱ ትልቅ በመሆኑ ወዲያው ይታያል ብላችሁ አትዘናጉ፤ አንዱ ነጥብ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ተለክቶ ፋይሎች ሲቀላቀሉ ነው ችግሩ የሚደበቀው።

ከፍታውንም እንዲሁ። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ነው፤ በጨረጨራ ያለው ማገጃ ከተሠራበት ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሐይቁ መውጫ በሰው ቁጥጥር ሥር ቢሆንም፣ ውኃው ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ማለቱ አልቀረም። የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ በሆነበት ዳርቻ ከመሬት በታች የሚወርድ የመድረክ ጉድጓድ ወይም የኦርኬስትራ ሊፍት ካለ፣ ከፍታውን የሐይቁን ደረጃ በሚያሳይ መስመር አጠገብ ሳሉት። መስመሩ ሞዴሉ ውስጥ ሲታይ የውይይቱ መልክ ይለወጣል።

ሦስተኛ፦ የጎበጠውን ቅርጽ ወደሚሠራ ቅርጽ ማውረድ

አርክቴክቱ ራይኖ ከተባለው የቅርጽ መሳያ ፕሮግራም የሚልከው ለስላሳ ገጽ ለዓይን ያምራል፤ ለመቁረጫ ማሽን ግን ምንም አይነግረውም። ያንን ገጽ ቀጥታ አስገብቶ ብረት መለጠፍ ትልቅ ወጥመድ ነው። ገጹን እንደ መመልከቻ ብቻ ያዙትና ቅርጹን ከቀጥታ መስመርና ከክብ ቅስት እንደገና ገንቡት። አርክቴክቱም አዲሱን ቅርጽ ፈርሞ ይቀበል።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ፣ የጎበጠውን ብረት በማሽን እናጉብጠው ወይስ በአጫጭር ቀጥታ ቁራጮች እንቅረበው የሚል ነው። ከባድ ፕሮፋይል የሚያጎብጥ ማሽን በቅርብ እንደ ልብ ስለማይገኝ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ዋጋውን በቁጥር አውቄ። ቀጥታው ቁራጭ ከቅስቱ የሚርቅበት መጠን የቁራጩ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ፣ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ የ6 ሜትር ቁራጭ መሐሉ ላይ ከቅስቱ 150 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ቁራጩን ወደ 3 ሜትር ብታሳጥሩት ልዩነቱ 37.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ግማሽ ርዝመት፣ ሩብ ልዩነት። 37.5 ሚሊ ሜትሩን ጣሪያውን በሚሸከሙት አጫጭር ደጋፊ ፕሌቶች ቁመት ማካካስ ይቻላል፤ 150ውን ግን አይቻልም፣ ብትሞክሩት አስቀያሚ ይሆናል።

የደጋፊ ፕሌቶቹ ቁመት ሁሉም የተለያየ እንዳይሆን በአራት ወይም በአምስት መጠን ሰብስቧቸው። ሞዴሉ ሁለት መቶ የተለያየ ፕሌት ያለ ስህተት ማውጣት ይችላል፤ እመሬት ላይ ከተደባለቁ በኋላ የሚለያቸው ሰው ግን አይገኝም።

አራተኛ፦ ከወደብ እስከ ጣና ያለውን መንገድ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት

ከባድ ፕሮፋይሎች ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ የቁራጮቹን ርዝመት የሚወስነው ስሌት ብቻ ሳይሆን ጂቡቲ፣ ኮንቴይነሩና መንገዱ ነው። የባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የውስጥ ርዝመት 12.03 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 12 ሜትር ብረት በወረቀት ላይ ቢገባም በተግባር ያስቸግራል፤ 11.8 ሜትር ላይ ቁረጡት። የበሩ ስፋት 2.34 ሜትር አካባቢ ሲሆን ከፍታው በረጅሙ ዓይነት 2.58 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ 30 ሜትር ርዝመትና 2.8 ሜትር ቁመት ያለው ትረስ (ከዘንጎች የተያያዘ የጣሪያ ተሸካሚ) ተበይዶ ካለቀ በኋላ በኮንቴይነር አይመጣም። ወይ ቁመቱን ወደ 2.2 ሜትር አውርዶ በሦስት የ10 ሜትር ክፍል መላክ፣ ወይ ቁራጮቹን አምጥቶ እዚሁ መገጣጠም ነው።

ከወደቡ በወልዲያ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል የሚመጣ ጭነት ከተማዋ ለመግባት ዓባይን መሻገር አለበት፤ በግንቦት 2016 የተከፈተው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ይህን አቅልሎታል። በአዲስ አበባ በኩል ከመጣ ደግሞ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ ጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል። ረጅም ተሳቢ በዚያ ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከማንኛውም ሰነድ የተሻለ ይነግሯችኋል።

ይህን ሁሉ ወደ ሞዴሉ የማስገቢያው ዘዴ ቀላል ነው። 11.8 በ2.2 በ2.3 ሜትር የሆነ ባዶ ሳጥን ሳሉ፣ «ጭነት» ብላችሁ ሰይሙት፣ በተበየደው እያንዳንዱ ክፍል ላይ እያስቀመጣችሁ ፈትሹ። ከሳጥኑ የሚወጣ ነገር ካለ የመቀጠያው ቦታ ይለወጣል። መቀጠያው ኃይሉ አነስተኛ በሆነበት ቢውል መሐንዲሱም ደስ ይለዋል፤ ሁለቱ ፍላጎቶች ሲጋጩ ግን በኢሜይል ከመጻጻፍ ሞዴሉን ከፍቶ አብሮ መቀመጥ ይሻላል።

በዚሁ ደረጃ ላይ የትረሱ ቅድመ ጉብጠት ይወሰን። 30 ሜትር የሚዘረጋ ትረስ በራሱና በጣሪያው ክብደት እንዳይረግብ ወደ ላይ በትንሹ ጎብጦ ይሠራል። ሞዴሉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሳል፣ ጉብጠቱ ደግሞ በወርክሾፕ ሥዕሉ ላይ በየመጋጠሚያው በቁጥር ይጻፍ። አጉብጦ መሳልም ይቻላል፤ ግን ከዚያ በኋላ የአየር ቱቦው፣ ኮርኒሱና የመብራት ድልድዩ ሁሉ ከማይኖር ከፍታ ጋር ይለካሉ።

አምስተኛ፦ መጋጠሚያዎች

አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ማለቅም አለበት።

ለአዳራሹ በሙሉ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት የብሎን መጠን ምረጡ። አንድ ዓይነት ዲያሜትር ያለው ብሎን በሁለት የጥንካሬ ደረጃ በፍጹም አታስገቡ፤ ኤም 20 (20 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው) ባለ 8.8 እና ኤም 20 ባለ 10.9 በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲደባለቁ ልዩነታቸውን የሚናገረው በራሳቸው ላይ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ከመሬት 15 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ መነጽር አውጥቶ አያነብም። ለኤም 20 መደበኛው ቀዳዳ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ዩሮኮድ ከጠርዝ የሚፈልገው ትንሹ ርቀት የቀዳዳው 1.2 እጥፍ፣ በኃይሉ አቅጣጫ በብሎኖች መካከል የሚፈልገው ደግሞ 2.2 እጥፍ ነው፤ ማለትም 26.4 እና 48.4 ሚሊ ሜትር። እኔ 40 እና 70 አድርጌ እጀምራለሁ። ትንሹ ርቀት ሕጋዊ ነው፤ ቀዳዳው በእጅ በሚበሳበት ወርክሾፕ ግን ለማንሸራተት ቦታ አይተውም።

አሁን ባዶው ቦታ። ለእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ሲሊንደር ሳሉ፦ አንዱ መፍቻው የሚገባበት፣ ሁለተኛው ብሎኑ ራሱ ወደ ቀዳዳው የሚገፋበት። ለኤም 20 ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለማጥበቂያ ማሽኑም ይበቃል። ብዙዎች የመፍቻውን አስታውሰው የብሎኑን ይረሳሉ፤ ዳዶው ይጠብቃል፣ ነገር ግን ብሎኑ ከፊቱ ባለው ፍላንጅ (የቢሙ ሰፊ ጠርዝ) ምክንያት መግባት አይችልም። ሲሊንደሮቹን አንድ ጊዜ ከመጋጠሚያው ጋር አያይዛችሁ በብጁ መጋጠሚያነት ብታስቀምጡ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ይመጣሉ።

በአዳራሽ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። በተለመደው መጋጠሚያ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ የ2 ሚሊ ሜትር ነፃነት አለው፤ ጣሪያው በፀሐይ ሲሞቅና ማታ ሲበርድ ብረቱ በዚያ ነፃነት ውስጥ ድንገት ሊንሸራተትና «ጯ» ሊል ይችላል። መጋዘን ውስጥ ማንም አይሰማውም። ዝግ ባለ የመሰንቆ ጨዋታ መሐል ግን ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ከአዳራሹ በላይ ያሉት ዋና ዋና መጋጠሚያዎች በውጥረት የሚጠብቁ ይሁኑ። የኤም 20 ባለ 10.9 ብሎን ውጥረት 172 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ፕሌቶቹ የሚያያዙት በሰበቃ ስለሆነ አይንሸራተቱም። ይህ እንዲሠራ የሚገናኙት ገጾች ተራ ቀለም መቀባት የለባቸውም። በወርክሾፕ ሥዕሉ ላይ የማይቀባውን ቦታ አጥልታችሁ በልኬት አሳዩ። «ቀለም አይቀባ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቀቢውን አያቆመውም፤ የተሰመረ ድንበር ያቆመዋል።

የአገጣጠሙንም ቅደም ተከተል እዚሁ አስቡ። በአንድ ምሰሶ ግራና ቀኝ የሚመጡ ሁለት ቢሞች በአንድ ረድፍ ብሎን የሚያያዙ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ለማስገባት የመጀመሪያውን ብሎኖች ማውጣት ያስፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያው ቢም የሚንጠለጠለው በምንም ላይ ነው። ከሥሩ ማረፊያ ፕሌት አድርጉለት፣ ወይም አንድ ብሎን ለብቻው የሚይዘው ቀዳዳ ጨምሩ። ዋጋው ጥቂት ኪሎ ብረት ነው፣ የሚያተርፈው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ከፍታ ላይ የሚደረግ ብየዳን በተቻለ መጠን አስወግዱ። ከሐይቁ የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ የብየዳውን ጋዝ ይበትናል፣ ምርመራውም እዚያ ላይ ያስቸግራል።

ስድስተኛ፦ ሳጥን በሳጥን ውስጥ

በጀርመን ሐምቡርግ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኤልብፊልሃርሞኒ 2,100 ያህል መቀመጫ ያለው ዋና አዳራሽ አለው። ወደብ ላይ የቆመ በመሆኑ የመርከብ ጥሩምባ እንዳይገባበት፣ 12,500 ቶን የሚመዝነው አዳራሽ ከቀረው ሕንፃ ተለይቶ በ362 የሞላ እሽጎች ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። የእኛ አዳራሽ መርከብ ባይኖርበትም የጀልባ ሞተር፣ የጎዳና ጭፈራና የጄኔሬተር ድምፅ አለበት። መርሁ አንድ ነው፤ የውስጠኛው ሳጥን የውጭውን በየትም ቦታ በግትር ነገር አይነካም።

የአኩስቲክ ባለሙያው 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢጠይቅ፣ ውስጠኛውን ሳጥን የሚከብ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ነገር ሳሉ። ቀይ ቀለም ይኑረው፣ «ክፍተት» ተብሎ ይሰየም፣ ከወርክሾፕ ዝርዝሩ ይውጣ፣ በግጭት ፍተሻ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ይኑር። ከዚህ በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የቧንቧ ማሰሪያ፣ የኮርኒስ ማንጠልጠያ፣ የረዘመ የብሎን ጫፍ ወደዚያ ቢገባ ፕሮግራሙ ይጮኻል። የብሎን ጫፍ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሞዴሉ ውስጥ የብሎኑ ርዝመት በትክክል ቢሰላም መጋዘኑ ውስጥ ያለቀውን መጠን በሚረዝመው መተካት የተለመደ ነው። በክፍተቱ ዙሪያ ላሉ ብሎኖች ከፍተኛውን ርዝመት በሥዕሉ ላይ ጻፉ።

አሁን የሞላዎቹ ነገር። የአንድ ሞላ ወይም የጎማ ትራስ የመንቀጥቀጥ ድግግሞሽ በሸክም ጊዜ በሚወርድበት መጠን ይወሰናል፦ 15.8ን በሚሊ ሜትር ለተለካው ርደት ካሬ ሥር ማካፈል ነው። 10 ሚሊ ሜትር የሚወርድ 5 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል፤ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወርድ 9 ኸርዝ አካባቢ። ዝቅ ያለው ድግግሞሽ ለድምፅ ይሻላል፣ ለዲቴይለሩ ግን ጣጣ ያመጣል፤ ምክንያቱም ውስጠኛው ሳጥን ባዶውን ሲቆም ያለው ከፍታና ኮንክሪቱ፣ ወንበሩ፣ ኮርኒሱ ከገባ በኋላ ያለው ከፍታ አንድ አይደሉም። በየትኛው ነው የምትስሉት? የመጨረሻውን ሳሉ፤ የተከላውን ከፍታ በእያንዳንዱ ሞላ አጠገብ በተለየ መለያ ጻፉ። ሞላዎቹ ቀድመው ተጨምቀው፣ ተቆልፈው የሚመጡ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ቁልፉ መቼና በማን እንደሚፈታ ግን በተከላው ቅደም ተከተል ውስጥ ይግባ። በሞላው ዙሪያም ለመቀየሪያ ጃክ የሚበቃ ባዶ ቦታ ይሳል። ሞላ ከሕንፃው ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል።

ስለ ዝናብ ሳልናገር አላልፍም። ባሕር ዳር ላይ በዓመት የሚጥለው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ሐምሌ ላይ መነጋገር እንኳ እንደማይቻል ያውቃል። ስለዚህ የአዳራሹ ጣሪያ ክብደት ይፈልጋል። በብረት ላሜራ ላይ 150 ሚሊ ሜትር ኮንክሪት ቢፈስ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በ1,200 ካሬ ሜትር ላይ 450 ቶን። ይህን ክብደት የትረሱ መጋጠሚያ እንደሚሸከመው ከመሐንዲሱ አረጋግጡ፣ የኮንክሪቱ አፈሳስ ቅደም ተከተልም ከአንድ ወገን ብቻ ተጀምሮ ትረሱን እንዳያዘነብል ይታቀድ።

ትንንሾቹ ነገሮችም ይንጫጫሉ። የመብራት ድልድዩ ወለል፣ የመሰላል መንጠቆ፣ የእጅ መደገፊያ ባዶ ቱቦላሬ፣ ልል የሆነ መዝጊያ ሁሉ ከታች ከበሮ ሲመታ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱ ወለል በአራቱም ማዕዘን በመያዣ ይጥበቅ፣ ዳዶዎቹም የማይፈታ ዓይነት ይሁኑ።

ሰባተኛ፦ ዚንክና ቀለም

ጣና ጨው አልባ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ዓይነት ዝገት አያመጣም። እርጥበቱ ግን አለ። በውጭ የሚቀሩ ብረቶች ዚንክ ውስጥ የሚነከሩ ከሆነ፣ 450 ዲግሪ በሚደርስ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የታሸገ ቱቦላሬ ሊፈነዳ እንደሚችል አትርሱ። የአየርና የዚንክ መውጫ ቀዳዳዎች ሞዴሉ ውስጥ ይበሱ፤ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ፣ በሰያፍ አቅጣጫ። ከነከራው በኋላ በመክደኛ ይዘጉ፤ ክፍት የቀረ ቀዳዳ ነፋስ ሲመጣ ያፏጫል፣ ያንን ፉጨት ደግሞ ማንም በፕሮግራሙ ላይ አልጻፈውም።

ስምንተኛ፦ ከሌሎች ጋር ማጋጨት

በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ሁሉም ሞዴሉን በአይኤፍሲ (የተለያዩ ፕሮግራሞች በሚያነቡት የፋይል ዓይነት) ያውጣ፣ አንድ ሰው በናቪስዎርክስ ወይም በሌላ መመልከቻ ያጣምር። በመጀመሪያው ፍተሻ ሺህ ግጭት ቢወጣ አትደንግጡ፤ በቡድን ክፈሏቸው። ቀድሞ የሚፈታው የአየር ቱቦ ነው። በአዳራሽ ውስጥ አየሩ እንዳይጮኽ በዝግታ መሄድ አለበት፤ ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ብንወስድ 1,200 ሰው 12 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፣ ይህም በሰከንድ 2.5 ሜትር ፍጥነት 4.8 ካሬ ሜትር የቱቦ አፍ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ትረሱ ውስጥ በኋላ አይሾልክም። የትረሱ ሰያፍ ዘንጎች ገና ሳይወሰኑ ቱቦው ቦታውን ይያዝ።

ዘጠነኛ፦ ለወርክሾፑ የሚሄደው

ወርክሾፑ ምን እንደሚያነብ ጠይቁ። ማሽኑ በኮምፒውተር የሚመራ ከሆነ የኤንሲ ፋይል ላኩ፣ በመጀመሪያ ግን አንድ ቢም ብቻ አስቆርጣችሁ በሜትር ለኩ። በእጅ የሚሠራ ከሆነ ልኬቶቹ ሁሉ ከአንድ ጫፍ ተነሥተው የሚደመሩ ይሁኑ፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚለካ ሥዕል በየደረጃው ስህተት ያጠራቅማል። ውስብስብ ፕሌቶችን በአንድ ለአንድ መጠን አትሙ።

በእያንዳንዱ ክፍል ላይ መለያው፣ ክብደቱና የክብደት ማዕከሉ ይታይ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ኤችኢኤ 300 (የኤች ቅርጽ ያለው ቢም) ከአንድ ቶን በጥቂት ይበልጣል፤ የክሬን ሠራተኛው ይህን በግምት ማወቅ የለበትም። ማስታወሻዎችን በአማርኛ ጻፉ። ሥዕሉ ላይ የሰሜን ቀስት ማድረግ ደንብ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ሐይቁ በሰሜን ስለሆነና ሁሉም ሠራተኛ የት እንዳለ ስለሚያውቅ፣ በእያንዳንዱ ምሰሶ በአንዱ ገጽ ላይ «ወደ ሐይቁ» ብሎ መምታት ከቀስቱ የበለጠ ይረዳል። የተገለበጠ ምሰሶ አይቆምም።

አሥረኛ፦ ተከላና መለካት

መሠረቱ ክረምት ሳይገባ ይለቅ፣ ብረቱ በበጋ ይቁም። የመልህቅ ብሎኖቹ አርማታው ከደረቀ በኋላ በቶታል ስቴሽን (በቀያሽ መለኪያ መሣሪያ) ተለክተው፣ ልኬቱ ወደ ሞዴሉ ይመለስ፤ የምሰሶዎቹ ቤዝ ፕሌት የሚበሳው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ጊዜ ከሌለ ቀዳዳውን ከብሎኑ 6 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ ወፍራም ፕሌት ሮንዴላ ጨምሩ።

ልኬት ሁሉ ጠዋት፣ ፀሐይ ብረቱን ሳትመታው ይደረግ። 30 ሜትር ብረት በ25 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 9 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ረፋድ ላይ የለካ ቀያሽና ንጋት ላይ የለካ ቀያሽ ሁለቱም ትክክል ሆነው አይስማሙም። የተለካበት ሰዓትና የብረቱ ሙቀት ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

የሞላዎቹ ቁልፍ ከተፈታ በኋላ የውስጠኛው ሳጥን ከፍታ በሁሉም ማዕዘን እንደገና ይለካ፣ በሞዴሉ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸር፣ ልዩነቱ ከተፈቀደው በላይ በሆነበት ማዕዘን ማስተካከያ ፕሌት ይግባ። ከዚያ አንድ ሰው 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ይዞ በክፍተቱ ዙሪያ ይዙር። እንጨቱ ያልገባበት ቦታ ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ፣ በግሪድ መስመሩ ተመዝግቦ፣ ኮርኒሱ ሳይዘጋ ይጸዳል።